ሉፕ አስገብተሽ ጡትሽን ሲያምሽ፦ ከማስወጣትሽ በፊት ደረጃ በደረጃ የምታደርጊው

«ሲስተር፣ ሉፕ ካስገባሁ ወዲህ ጡቴን ያመኛል። ላስወጣው?»

ሉፕ ማህፀን ውስጥ የሚቀመጥ የእርግዝና መከላከያ ነው፤ ይህ ጥያቄም በየሳምንቱ ይደርሰኛል። የምሠራው በቤተሰብ ምጣኔ ክፍል ነው። አንዳንዷ ክፍሉ በር ላይ ቆማ ትጠይቀኛለች። አንዳንዷ ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ በቴሌግራም ድምፅ ትልክልኛለች። ለሁሉም የምመልሰው አንድ ዓይነት ስለሆነ እዚህ በቅደም ተከተል ጻፍኩት።

ማስወጣት መብትሽ ነው፤ ዛሬም ቢሆን ማንም ሊከለክልሽ አይገባም። ሳታጣሪ ካስወጣሽው ግን ሕመሙ አብሮሽ ሊቀር ይችላል፤ ያላሰብሽው እርግዝናም ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ እናጣራ።

ዛሬውኑ ሕክምና የሚያስኬዱ ምልክቶች

ከሚከተሉት አንዱ ካለብሽ ይህን ጽሑፍ እዚህ ላይ አቁሚና ሂጂ።

- የእርግዝና ምርመራሽ ፖዘቲቭ ከሆነ፣ ወይም በአንድ በኩል ከበድ ያለ የታችኛው ሆድ ሕመም፣ የትከሻ ጫፍ ሕመም ወይም ራስ መሳት ካለሽ። ሉፕ እያለ እርግዝና ሲፈጠር ከማህፀን ውጭ የመሆን ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። ይህ ለሕይወት ያሰጋል።
- ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ። በተለይ ሉፑ ከገባ በመጀመሪያዎቹ 3 ሳምንታት ውስጥ ከሆነ።
- በአንድ ሰዓት አንድ ሞዴስ የሚያርስ ደም ለሁለት ሰዓትና ከዚያ በላይ ሲፈስ።
- ጡትሽ ቀልቶ ከጋለና ትኩሳት ካለሽ። የምታጠቢ እናት ከሆንሽ ይህ የጡት ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል።
- ደረትሽን ጨምቆ የሚይዝ፣ ከትንፋሽ ማጠርና ከላብ ጋር የመጣ ሕመም። ይህ የጡት ሕመም አይደለም፤ ልብ ወይም ሳንባ መታየት አለበት።

የሚያስፈልጉሽ ነገሮች

- ሉፑ ሲገባ የተሰጠሽ ካርድ
- ከፋርማሲ የተገዛ የሽንት እርግዝና መመርመሪያ
- ደብተርና እስክሪብቶ (በስልክሽም መጻፍ ትችያለሽ)
- መስታወትና ጥሩ ብርሃን
- በልክሽ የሆነ፣ ሽቦ የሌለው ጡት መያዣ
- ንጹሕ ፎጣ፣ ቀዝቃዛና ሞቅ ያለ ውኃ
- ፓራሲታሞል ወይም አይቡፕሮፌን

1. የገባልሽ የትኛው ሉፕ እንደሆነ አረጋግጪ

ካርዱን አውጪና አንብቢ። ሁለት ዓይነት ሉፕ አለ። አንደኛው ባለ መዳብ ነው። በውስጡ ምንም ሆርሞን የለም። በአገራችን ጤና ጣቢያዎች በብዛት የሚገባው ይህ ነው። ሁለተኛው ሌቮኖርጀስትሬል የሚባል ሆርሞን በጥቂቱ የሚለቅ ነው፤ ብዙ ሰው ሚሬና በሚለው የንግድ ስሙ ያውቀዋል። ሚሬና 52 ሚሊግራም ሆርሞን ይዞ ይገባል። መጀመሪያ ላይ በቀን 20 ማይክሮግራም ገደማ ይለቃል፤ እያደርም መጠኑ ይቀንሳል።

ይህ ለምን ይጠቅማል? የያዝሽው ባለ መዳቡ ከሆነ የጡትሽ ሕመም ከሉፑ የመጣ አይደለም። ብታስወጪውም አይተውሽም። ባለ ሆርሞኑ ከሆነ ግን የጡት ሕመም ከታወቁት የጎን ጉዳቶቹ አንዱ ነው። ሆርሞኑ በአብዛኛው የሚሠራው እዚያው ማህፀን ውስጥ ነው። ጥቂቱ ግን ደም ውስጥ ገብቶ ጡት ይደርሳል።

ካርዱ ከጠፋ ሉፑን ያስገባሽበት ቦታ ሄደሽ መዝገቡን ጠይቂ። በግምት አትቀጥይ።

በቅርቡ ሌላ ሆርሞን ወስደሽ እንደሆነም አስቢ። የሦስት ወር መርፌ ወስደሽ ሉፑን ያስገባሽው ወዲያው ከሆነ የመርፌው ሆርሞን ገና ከሰውነትሽ አልወጣም። ሉፑን ተጠራጥረው ፖስት ፒል (የድንገተኛ እርግዝና መከላከያ እንክብል) የሚደርቡም አሉ። እሱም ራሱ ጡት ያሳምማል።

2. የእርግዝና ምርመራ አድርጊ

ባለ ሆርሞኑ ሉፕ የወር አበባን ሊያጠፋ ይችላል። የወር አበባ መቅረትና የጡት ሕመም ደግሞ የእርግዝናም ምልክቶች ናቸው። በስሜት ብቻ መለየት አይቻልም። ሉፑ እርግዝናን እጅግ አድርጎ ይከላከላል፤ ነገር ግን ሳታውቂው ወጥቶ ሊሆን ይችላል።

የጠዋት ሽንትሽን ተጠቀሚ። ጥርጣሬሽ በቅርብ ቀን ስለተደረገ ግንኙነት ከሆነ ከዚያ ቀን 3 ሳምንት ቆጥረሽ ድገሚው፤ ቀድሞ የተደረገ ምርመራ እርግዝና እያለ የለም ሊል ይችላል።

3. ክሩን ዳሺ

እጅሽን በሳሙና ታጠቢ። ቁጢጥ በይ ወይም አንድ እግርሽን ከፍ ያለ ነገር ላይ አድርጊ። የመሃል ጣትሽን አስገብተሽ የማህፀን በርን ፈልጊ፤ እንደ አፍንጫ ጫፍ ጠንከር ይላል። እዚያ ላይ ቀጭን ክር ይነካሻል።

ክሩን አትሳቢ። መነካቱን ብቻ አረጋግጪና ተዪው።

ክሩ ከጠፋብሽ፣ ከወትሮው ከረዘመ ወይም ካጠረ፣ ወይም ጠንካራ የፕላስቲክ ጫፍ ከነካሽ ሉፑ ከቦታው ተንቀሳቅሶ ሊሆን ይችላል። እስክትታዪ ድረስ ኮንዶም ተጠቀሚ። ክሩ አልተነካም ማለት ግን ሁልጊዜ ሉፑ ወጥቷል ማለት አይደለም፤ ወደ ውስጥ ተጠቅልሎ የሚገባበት ጊዜ አለ። በአልትራሳውንድ ይለያል። ይህን ፍተሻ በወር አንድ ጊዜ አድርጊ። የወር አበባ የማታዪ ከሆነ ለማስታወስ እንዲቀል የወሩን የመጀመሪያ ቀን ምረጪ።

4. ጡትሽን እዪና ዳሺ

መስታወት ፊት ቁሚ። መጀመሪያ እጅሽን ዝቅ አድርገሽ፣ ቀጥሎ ከፍ አድርገሽ እዪ። ቆዳው የገባበት ቦታ አለ? እንደ ብርቱካን ልጣጭ የሆነ አለ? ከዚህ በፊት ያልነበረ የጡት ጫፍ ወደ ውስጥ መግባት አለ?

ከዚያ ገላሽን ስትታጠቢ በሳሙና እጅ ዳሺ። የሦስቱን የመሃል ጣቶች ለስላሳ ክፍል ተጠቀሚ፤ በጣት ጫፍ አትቆንጥጪ። በትንንሽ ክብ እያዞርሽ ጡቱን ሁሉ ሸፍኚ። ብብትሽን አትርሺ። ይህን ሕመሙ ጋብ ባለበት ሳምንት አድርጊው፤ ጡት ሲያብጥ ሁሉም ነገር እብጠት መስሎ ይሰማል።

አሁን ደግሞ በጎንሽ ተኚ። ጡቱ ወደ ጎን ሲወርድልሽ የጎድን አጥንትሽን በጣትሽ ጫን በይው። ያው የምታውቂው ሕመም ከመጣ ችግሩ ያለው ከጡቱ ሥር ካለው አጥንትና ጡንቻ ነው። በእጅ ልብስ የሚያጥቡ፣ ጀሪካን የሚሸከሙ፣ ልጅ የሚያዝሉ እናቶች ላይ ይህን በብዛት አያለሁ። የአንቀልባው ማሰሪያ ደረት ላይ ተጠላልፎ ሲታሰር ልክ ጡት ላይ ያርፋል። እንዲህ ከሆነ ሉፑን ማስወጣት ምንም አይፈይድም፤ አስተሳሰሩን ቀይሪ።

አዲስ እብጠት፣ ደም የቀላቀለ ፈሳሽ ወይም የቆዳ ለውጥ ካገኘሽ በደረጃ 5 ያለውን የሦስት ወር ማስታወሻ አትጠብቂ። በዚያው ሳምንት ታዪ። ሕመም ብቻውን የጡት ካንሰር ምልክት የሚሆነው ከስንት አንዴ ነው። ቢሆንም እብጠት በሐኪም እጅ መዳሰስ አለበት። በወጣትነት ዕድሜ ብዙ ጊዜ በአልትራሳውንድ ይጀመራል፤ ከ40 ዓመት በላይ ላሉ ማሞግራም ይጨመራል።

5. ለሦስት ወር መዝግቢ

ከሁሉም ደረጃዎች የሚበልጠው ይህ ነው፤ ሴቶች የሚዘሉትም ይህንኑ ነው።

በየማታው ከመተኛትሽ በፊት አንድ መስመር ጻፊ፦ ቀኑን፣ ሕመሙን ከ0 እስከ 10፣ የትኛው ጡት እንደሆነ፣ ደም መታየቱን፣ የወሰድሽውን መድኃኒት። ከአንድ ደቂቃ በላይ አይፈጅም።

ለምን? ባለ ሆርሞኑ ሉፕ የወር አበባን ሲያቀል ወይም ሲያጠፋ የማህፀንን ግድግዳ አሳስቶ ነው። እንቁላል መመረቱ ግን በብዙ ሴቶች ላይ ይቀጥላል። ደሙ ባይታይም ወርሃዊው የሆርሞን መውጣትና መውረድ አለ። ጡት ደግሞ እሱን ይከተላል። ስለዚህ «የወር አበባ የለኝም፤ ጡቴ ግን ዝም ብሎ ያመኛል» የሚለው ስሜት ብዙ ጊዜ ልክ አይሆንም። ዝም ብሎ አይደለም፤ ቀን አለው። ቀኑን የሚያሳይሽ ደብተሩ ነው።

አንዲት እናት በልጇ የሒሳብ ደብተር የመጨረሻ ገጾች ላይ መዝግባ መጣች። በግራ በኩል የልጁ ማካፈል፣ በቀኝ በኩል የእሷ ቁጥሮች። «በየቀኑ ያመኛል» ብላኝ ነበር። አብረን ቆጠርን። በሦስት ወር ውስጥ ከ4 በላይ የሆነው ሕመም 16 ቀን ብቻ ነበር፤ እነሱም በሦስት ቦታ የተሰበሰቡ ነበሩ። በመካከላቸው 28፣ 28 ቀን ገደማ አለ። ደብተሩን ዘግታ «ታዲያ ይሄማ ድሮም ያመኝ የነበረው ነው» አለች። የወር አበባዋ ስለቀረ ምልክቱ ጠፍቶባት ነው እንጂ ሕመሙ የቆየ ነበር። ሉፑን አላስወጣችውም።

ስትቆጥሪ ጳጉሜን እንዳትረሺ። ሕመሙ ነሐሴ 20 ጀምሮ ቀጣዩ መስከረም 13 ቢጀምር ልዩነቱ 28 ቀን ነው። ጳጉሜን ከዘለልሻት 23 ይሆንብሽና «ዑደቴ ተዛብቷል» ብለሽ ትጨነቂያለሽ። በውጭ የምትኖሪ ከሆነ ከመጀመሪያው በፈረንጅ ቀን ጻፊ፤ የምታሳዪው እዚያ ላለ ሐኪም ነው።

ሦስት ዓይነት መልክ ታገኚያለሽ።

ሕመሙ ሁለቱንም ጡት ይይዛል፣ ወደ ብብት ይሳባል፣ ለጥቂት ቀን ይቆይና በየወሩ ይመለሳል፦ ይህ ወርሃዊ የጡት ሕመም ነው። አደገኛ አይደለም። ደረጃ 6ን ተከተዪ።

ሉፑ በገባ በሳምንታት ውስጥ ጀምሯል፣ ቀን አይለይም፣ ነገር ግን ቁጥሩ ከ7 ወደ 5፣ ከ5 ወደ 3 እየወረደ ነው፦ ሰውነትሽ እየለመደው ነው። ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ይረጋጋል።

በአንድ ጡት፣ በአንድ ነጥብ ላይ፣ ከቀን ጋር ግንኙነት ሳይኖረው ይመላለሳል፦ ባለሙያ መርምሮ ሊያይሽ ይገባል።

6. ሕመሙን አስታግሺ

በጡት መያዣው ጀምሪ። ጡት ሲከብድ የሚይዙት ጅማቶች ይሳባሉ፤ የሕመሙ አንዱ ምክንያት ይህ ነው። የታችኛው ቀበቶ ከጀርባሽ ወደ ላይ ሳይሸሽ ዙሪያውን እኩል ይቀመጥ። ሁለት ጣት ይግባበት፣ ከዚያ በላይ አይላላ። ክብደቱን የሚይዘው ቀበቶው እንጂ የትከሻው ማንገቻ መሆን የለበትም። ትከሻሽ ላይ መስመር የሚያወጣ ከሆነ ልክሽ አይደለም። በሕመሙ ቀናት ማታም ለስላሳውን አድርገሽ ተኚ።

ካበጠ ቀዝቃዛ፣ ከከበደሽ ሞቅ ያለ ፎጣ ለ15 ደቂቃ ያዢበት። በረዶ በቀጥታ ቆዳ ላይ አታድርጊ።

ካልበቃሽ ወደ መድኃኒት ሂጂ። አይቡፕሮፌን 400 ሚሊግራም፣ ከምግብ ጋር፣ በቀን እስከ 3 ጊዜ፣ ለጥቂት ቀናት ብቻ። ጨጓራ፣ የኩላሊት ችግር ወይም በእንዲህ ዓይነት መድኃኒት የሚነሳ አስም ካለብሽ አትውሰጂው፤ እርጉዝ ልሆን እችላለሁ ብለሽ ከጠረጠርሽም እንዲሁ። በጾም ወቅት እስከ ቀትር ወይም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትቆዪ፣ ወይም በረመዳን የምትጾሚ ከሆነ በባዶ ሆድ እንዳትውጪው። ከፈታሽ በኋላ ውሰጂ፣ ወይም ፓራሲታሞል ተጠቀሚ። ባለ 500 ሚሊግራሙን ፓራሲታሞል 2 ፍሬ በ6 ሰዓት ልዩነት መውሰድ ይቻላል፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ግን ከ8 ፍሬ አይለፍ። ጉበትሽን የሚያምሽ ከሆነ ቀድመሽ ሐኪም ጠይቂ።

ሕመሙ አንድ ቦታ ላይ ከሆነ ከፋርማሲ የሚገኘው የዳይክሎፌናክ ቅባት ይረዳል። ስስ አድርገሽ ቀቢ፤ የጡት ጫፍን አታስነኪ። ከአይቡፕሮፌን ጋር አትደርቢው። የምታጠቢ ከሆነ ባለሙያ ሳታማክሪ አትጠቀሚ።

ስለ ቡና ሁሉም ይጠይቀኛል። ቡና ማቆም የጡት ሕመምን እንደሚቀንስ አጥጋቢ ማስረጃ የለም። መሞከር ከፈለግሽ ለሁለት ወር ቀንሺና ደብተርሽ ላይ ለውጡን እዪ። ካልተለወጠ ቡናሽን ጠጪ።

7. ሌሎቹን የጎን ጉዳቶች አብረሽ መዝግቢ

የጡት ሕመም ብቻውን ላይመጣ ይችላል። ደብተሩ ላይ አንድ ዓምድ ጨምሪላቸው።

*ደም።* በመጀመሪያዎቹ 3 እስከ 6 ወራት ጠብ ጠብ የሚል፣ ቀኑ የማይታወቅ ደም ይታያል። አሰልቺ ነው፤ ግን የሚጠበቅ ነው። ከዚያ ይቀንሳል። 52 ሚሊግራሙን ከያዙ 5 ሴቶች ውስጥ አንዷ ገደማ በዓመቱ የወር አበባ አታይም። «ደሙ ውስጤ ተጠራቀመ፣ ወደ ጡቴ ወጣ» የሚሉ አሉ። አይጠራቀምም። የማህፀኑ ግድግዳ ስለሳሳ የሚወርድ ነገር የለም። ለወራት ቀንሶ የነበረ ደም ድንገት ከበዛ ግን ሉፑ ተንቀሳቅሶ እንደሆነ ይታይ።

*ቁርጠት።* ከገባ በኋላ ባሉት ቀናት ይኖራል፣ እያደር ይለቃል። በአንድ በኩል ድንገት የሚወጋ ከሆነ እንቁላል ማምረቻው ላይ ውኃ የቋጠረ እብጠት ሊሆን ይችላል። አብዛኛው ከ2 እስከ 3 ወር በራሱ ይጠፋል፤ ሕመሙ ከባድ ከሆነ ግን በዚያው ቀን ታዪ።

*ብጉርና ራስ ምታት።* ከሆርሞኑ ሊመጡ ይችላሉ። ዓይንን ብልጭ ድርግም የሚያደርግ ወይም ከዚህ በፊት የማታውቂው ኃይለኛ ራስ ምታት ከጀመረሽ አትጠብቂ።

*ስሜት።* መክፋት፣ ማልቀስ፣ ሰው መሸሽ ሉፑን ካስገባሽ ወዲህ ከጀመረ ጻፊው። ብዙ ሴቶች ይህን ሳይነግሩኝ ይሄዳሉ፤ «ከሉፕ ጋር ምን አገናኘው?» ብለው። ሊያገናኘው ይችላል። ራስሽን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብሽ በዚያው ሰዓት ለምታምኚው ሰው ንገሪና ወደ ሕክምና ሂጂ። ይህ ሦስት ወር የሚጠበቅበት ነገር አይደለም።

*ክሩ ባለቤትሽን ከወጋው* ማስወጣት አያስፈልግም። በባለሙያ ይስተካከላል።

8. ደብተርሽን ይዘሽ ቅረቢና ወስኚ

ክፍሉ ስትገቢ «ያመኛል» ብቻ አትበይ። እንዲህ በይ፦ «ባለ ሆርሞን ሉፕ አለኝ። የገባው በዚህ ወር ነው። የእርግዝና ምርመራዬ ነጌቲቭ ነው። ክሩ ይነካኛል። ሕመሙ በወር ይህን ያህል ቀን ነው፤ ከፍተኛው ቁጥር ይህ ነው።» በዚህ አነጋገር በሁለት ደቂቃ ውስጥ ትክክለኛው ነገር ላይ እንደርሳለን።

ቁጥሩ እየወረደ ከሆነ እስከ 6 ወር ጠብቂ እላለሁ። ከ6 ወር በኋላም ካልወረደ፣ ወይም እንቅልፍና ሥራ ከነሳሽ፣ መቀየር ተገቢ ነው። ጡትሽ ሆርሞን የማይችል ከሆነ ባለ መዳቡ አማራጭ ነው፤ ደምና ቁርጠት እንደሚጨምር ግን አውቀሽ ግቢበት። የጡት ካንሰር እንዳለብሽ ከታወቀ ባለ ሆርሞኑ ሉፕ አይፈቀድም፤ ከዚህ በፊት ታክመሽ ከሆነም ሳትደብቂ ተናገሪ።

ለማስወጣት ከወሰንሽና ማርገዝ ካልፈለግሽ ከቀጠሮው በፊት ባሉት 7 ቀናት ኮንዶም ተጠቀሚ ወይም ከግንኙነት ታቀቢ። የወንድ ዘር በሰውነትሽ ውስጥ ለቀናት በሕይወት ይቆያል፤ ሉፑ ሲወጣ ደግሞ መከላከሉ በዚያው ያበቃል። ወደ መርፌ ወይም ወደ ክንድ መከላከያ የምትዛወሪ ከሆነ ሉፑ ከመውጣቱ 7 ቀን ቀድመሽ ጀምሪው።

ማስወጣቱ ራሱ ቀላል ነው። ባለሙያው ክሩን በመሣሪያ ይዞ ቀስ ብሎ ይስበዋል። ትንሽ ቁርጠት ይሰማሻል።

ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

- ክሩን ስቦ በቤት ማውጣት። ግማሽ መንገድ ላይ ቀርቶ ደም የሚያፈስሳቸው አሉ።
- ጡት ላይ የጋለ ነገር መያዝ፣ ወይም ቅጠል ቀጥቅጦ ማሰር። ቆዳው ይቃጠላል፤ ከዚያ በኋላ ለመመርመርም ያስቸግራል።
- በየቀኑ ጡትን መደባበስ። በየቀኑ የተጫነ ጡት በራሱ ያማል። በወር አንዴ ይበቃል።
- የጎረቤትን እንክብል መዋስ። ተጨማሪ ሆርሞን ይሆንብሽና ደብተርሽ ምንም አይነግርሽም።
- የወር አበባ ዋንጫ የምትጠቀሚ ከሆነ አየር ሳያስገቡ መሳብ። ሉፑን ይዞት ሊመጣ ይችላል። መጀመሪያ ጠርዙን ጫን አድርገሽ አየር አስገቢ፣ ከዚያ አውጪ።
- ሉፑን ካስወጡ በኋላ ደብተሩን መጣል። ለሁለት ወር ቀጥዪ። ሕመሙ እንዳለ ከቀጠለ ምክንያቱ ሉፑ አልነበረም ማለት ነው፤ በዚያው ደብተር እንደገና ቅረቢ።